ክንፍ ያላቸው ጣሪያዎች፦ ስለ መጀመሪያው የጄት ዘመን ኤርፖርቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር አበሾች ዳለስ ኤርፖርት ዘመድ ለመቀበል ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ታችኛውን ፎቅ ነው። አበባ ይዘን፣ ዓይናችንን በሩ ላይ ተክለን፣ «ሻንጣው ነው መሰለኝ ያዘገያቸው» እየተባባልን እንቆማለን። ከራሳችን በላይ ግን ባለፈው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ሕንጻዎች መካከል በጣም ከተደነቁት አንዱ ተዘርግቷል፤ ደረጃውን ወጥቶ ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ይህን ወሬ ባነሣሁ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ ሰብስቤ ጻፍኳቸው። ዓመቱና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የጄት ዘመን ስንል የትኛው ጊዜ ነው?

ጄት መንገደኛ ይዞ በመደበኛ መስመር መብረር የጀመረው ሜይ 2 ቀን 1952 ነው። እንግሊዝ ሠራሽ የሆነው ኮሜት ከለንደን ተነሥቶ፣ ካርቱምና ኢንቴቤ ላይ እያረፈ ጆሃንስበርግ ገባ። የዓለም የመጀመሪያው የጄት መስመር እንግዲህ በእኛው ጎረቤቶች ሰማይ ላይ ያለፈ ነው። ያ የመጀመሪያው ኮሜት ግን ብዙ አልቆየም፤ አካሉ በበረራ ላይ እየተሰነጠቀ ሰው ስለጨረሰ በ1954 ከሥራ ወጣ።

ዘመኑን ዘመን ያሰኘው ቦይንግ 707 ነው። ኦክቶበር 26 ቀን 1958 የአሜሪካው አየር መንገድ ፓን አም ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ አበረረው፤ መንገድ ላይ ካናዳ ውስጥ ጋንደር ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ነበረበት። ከዚያ ቀን አንሥቶ ትልቁ 747 ሥራ እስከጀመረበት እስከ ጃንዋሪ 1970 ድረስ ያሉት አሥራ አንድ ዓመታት ናቸው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ። ጊዜው አጭር ነው። ከታች የማወራላችሁ ሕንጻዎች ጣጣ ሁሉ ከዚሁ ማጠር የመጣ ነው።

አውሮፕላኑ ቢቀየር ለሕንጻው ምን ያደርገዋል?

ብዙ ነገር። ባለ ፕሮፔለሩ ዘመን መንገደኛው ከትንሽ አዳራሽ ወጥቶ በእግሩ ሜዳውን አቋርጦ፣ መሰላል ወጥቶ ይሳፈር ነበር። ጄት መጣና ይህን አበላሸው። ከሞተሩ የሚወጣው ትንፋሽ ሰው ይጥላል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ከሕንጻው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። አንድ 707 ሲያርፍ ከመቶ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ከነሻንጣው ያራግፋል። ማኮብኮቢያውም መርዘም አለበት።

የመጨረሻውን ነገር ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከየት ይመስላችኋል? የልደታው ማረፊያ ለጄት የማይመች ሆነና ኤርፖርቱ ወደ ቦሌ ሄደ፤ ስሙ ብቻ ሠፈሩ ላይ ቀረ።

«ሬትሮ-ፊውቸሪዝም» የሚሉት ምንድን ነው? ያኔስ እንዲህ ይባል ነበር?

አይባልም ነበር። ያኔ የሠሩት ሰዎች በቀጥታ መጪውን ጊዜ እየሠራን ነው ብለው ነው ያመኑት። እኛ ነን ዛሬ ዞር ብለን ስናይ «የድሮ ሰዎች ነገን እንዲህ አድርገው ነበር ያሰቡት» ብለን ፈገግ የምንለው። ቃሉ የሚገልጸው ይህንን ያረጀ ነገ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ስልት የቀረበው የዘመኑ ስም «ጉጊ» ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ዌስት ሆሊውድ ውስጥ አርክቴክት ጆን ላውትነር በ1949 ከሠራው ጉጊስ ከሚባል ቡና ቤት የመጣ ነው። ስሙን በ1952 በጽሑፍ ያወጣው ሃያሲ ሊያሾፍበት ነበር፤ ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። የሾሉ ጣሪያዎች፣ የሚበር ሳሕን የመሰሉ ክቦች፣ የጠፈር ዘመን ማስታወቂያዎች፣ ይኼ ሁሉ ጉጊ ነው። ኤርፖርቶቹን ሁሉ በዚህ አንድ ከረጢት ከትቶ ማሰር ግን አይገባም። ዳለስን ጉጊ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ሕንጻውን አላየውም ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ፎቶውን የሚለጥፈው የኒውዮርኩ ነጭ ሕንጻ ማን ሠራው?

ቲ.ደብሊው.ኤ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ተርሚናል ነው። የዛሬው ጄ.ኤፍ.ኬ ያኔ አይድልዋይልድ ይባል ነበር፤ አሠራሩም ለየት ያለ ነው። አንድ ትልቅ ተርሚናል በመሥራት ፈንታ እያንዳንዱ ትልቅ አየር መንገድ የየራሱን እንዲሠራ ቦታ ተሰጠው። ስለዚህ ሕንጻው ማስታወቂያም ጭምር ነበር፤ ጎረቤትህ ፓን አም ደጅህ ላይ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ሲሠራ አንተ መጋዘን አትገነባም።

ቲ.ደብሊው.ኤ ሥራውን የሰጠው ለኢሮ ሳሪነን ነው። ፊንላንድ ውስጥ በ1910 ተወልዶ፣ በ1923 ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ ሰው ነው። አባቱ ኤሊየል ሳሪነን የሄልሲንኪን ባቡር ጣቢያ የነደፈ ስመ ጥር አርክቴክት ነው፤ አባት ለባቡር፣ ልጅ ለአውሮፕላን ማለት ነው። የሴንት ሉዊሱን ግዙፍ ቅስት ያየ፣ ወይም አንድ እግር ብቻ ያላትን ክብ ነጭ ጠረጴዛ በየካፌው ያየ ሰው የሳሪነንን እጅ አይቷል።

ያሳዝናል፣ ሦስቱንም ትልልቅ ሥራዎቹን አልቀው አላያቸውም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1961 በአእምሮ ዕጢ ሞተ፤ ገና 51 ዓመቱ ነበር። የቲ.ደብሊው.ኤው ተርሚናል የተከፈተው ሜይ 28 ቀን 1962፣ ዳለስ የተመረቀው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ቅስቱ ያለቀው በ1965 ነው። ሥራውን የጨረሱለት በቢሮው የነበሩት ኬቨን ሮችና ጆን ዲንከሉ ናቸው።

ወፍ ነው አይደል ቅርጹ?

እሱ ራሱ አይደለም ብሏል። ሰዎች የምትበር ወፍ ማየታቸው አጋጣሚ ነው፣ እኔ ያሰብኩት የጉዞን ስሜት ነው ባይ ነበር። እኔ ግን ከፊት ለፊት ቆሜ ባየሁት ጊዜ ሁለት ክንፍ፣ አንድ ምንቃር ነው ያየሁት። አርክቴክት የፈለገውን ይበል፣ ሕንጻው አንዴ ከቆመ በኋላ የተመልካች ነው።

ያንን ጠመዝማዛ ጣሪያ በዚያ ዘመን ያለ ኮምፒውተር እንዴት ሠሩት?

ቢሮው ውስጥ የሚወራ ወግ አለ። ሳሪነን አንድ ቀን ጠዋት ግሬፕፍሩቱን በልቶ ሲጨርስ ባዶውን ልጣጭ ገለበጠና መሃሉን በጣቱ ጫን አደረገው። ልጣጩ ጠርዙ ላይ አራት ቦታ ተቆለመመ። ያንን ይዞ ወደ ቢሮ ሄደ ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ ግማሽ ብርቱካን ልጣጭ ገልብጣችሁ ብትጫኑት የጣሪያው አስተሳሰብ ወዲያው ይገባችኋል።

ጣሪያው አራት የአርማታ ቅርፊቶች ነው። ጠቅላላው ወደ 96 ሜትር ይረዝማል፣ 67 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ዋይ ቅርጽ ያላቸው አራት ምሰሶዎች ብቻ ናቸው። ከአራቱ ቅርፊቶች አንዱ ብቻውን ቢቀር ተንዶ ይወድቃል። እርስ በርስ እየተደጋገፉ መሃል ላይ በአንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ ተቆልፈው ነው የቆሙት፤ አራት ሰዎች ግንባር ለግንባር ተደጋግፈው እንደመቆም ነው። በቅርፊቶቹ መካከል ያለው ክፍተት በመስታወት ስለተሸፈነ፣ ከታች ሆኖ ቀና ለሚል ሰው የኮንክሪቱ ክብደት ሳይሆን ስንጥቁ ውስጥ የሚፈሰው ብርሃን ነው የሚታየው። ይህች ብልሃት ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ያንን የሚያህል ክብደት ከራስህ በላይ ተንጠልጥሎ ቀላል የሚመስልህ በዚያች በስንጥቋ ብርሃን ነው።

ኮምፒውተር ስላልነበረ ወሳኙ መሣሪያ ሞዴል ነበር። ከካርቶን እየቆረጡ፣ እየለጠፉ፣ ጭንቅላት ሊያስገቡበት የሚችሉ ትልልቅ ሞዴሎች ሠሩ። ከዚያ ሞዴሉን እየለኩ፣ የተራራ ካርታ ላይ ከፍታ እንደሚሣለው በመስመር እየከፋፈሉ ወደ ሥዕል መለሱት። ሳይት ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ግንባታ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ለቀጥ ያለ ሶሌታ ካሳፎርማ፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ፣ መምታት አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ቦታ ተመሳሳይ ያልሆነ ጠማማ ነገር ካሳፎርማ መምታት ሌላ ነው። አናጺው እያንዳንዷን ጣውላ ለየብቻ ቆርጦ ነው ያጠማዘዘው። እኔ ያንን ጣሪያ ሳይ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ሳሪነን ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈው አናጺ ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል?

ቀጥ ያለ ግድግዳ ፈልጋችሁ አታገኙም። ወለሉ ወደ ባንኮኒ፣ ባንኮኒው ወደ ግድግዳ፣ ግድግዳው ወደ ጣሪያ እየተሳበ ይሄዳል። ሳሪነን ሁሉም ነገር ከአንድ ቤተሰብ እንዲሆን ነው የፈለገው፤ ደረጃው፣ የመረጃ ዴስኩ፣ የሰዓት መስቀያው ሳይቀር።

ወደ ወለሉ ጎንበስ በሉ። ትንንሽ፣ ክብ፣ ነጭ የሴራሚክ ንጣፎች ናቸው፤ ሳንቲም ያካክላሉ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ። ለምን ክብ? አራት ማዕዘን ሴራሚክ ጠማማ ቦታ ላይ ሲመጣ መቆረጥ አለበት፣ መጋጠሚያው ይበላሻል። እነዚህ ግን እንደ ጤፍ ፈስሰው በየጎባጣው፣ በየደረጃው ጠርዝ፣ በየመቀመጫው ጀርባ ይታጠፋሉ። እጄን አንድ የመቀመጫ ጠርዝ ላይ ሳሳርፍ ወለሉ ሳይቋረጥ ወደ እጄ የመጣ ነው የመሰለኝ።

መሃል ላይ ከወለሉ ዝቅ ያለ ቀይ መቀመጫ አለ። ከፊቱ በትልቁ መስታወት በኩል አውሮፕላን ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ተሰናባችና ተጓዥ አብረው ተቀምጠው የሚያዩበት ቦታ ነው። ከላዩ የበረራ ሰዓት ማሳያው አለ፤ ጣልያኖቹ ሶላሪዎች የሠሩት፣ ፊደሎቹ እየተገለበጡ ጠሽ ጠሽ የሚሉት ዓይነት። ስክሪን ከመጣ በኋላ ያደገ ልጅ ይህን ድምፅ አያውቀውም። እንደኔ ግን ሰው በረራው መቃረቡን በጆሮው የሚሰማበት ጥሩ ዘዴ ነበር።

ከአዳራሹ ወደ አውሮፕላኑ የሚወስዱት ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው፤ ነጭ፣ ክብ፣ ወለላቸው ቀይ ምንጣፍ። በመጠኑ ወደ ላይ ስለሚጎብጡ መጨረሻቸው ከመነሻው አይታይም። መንገደኛው ጉዞውን የሚጀምረው እንግዲህ አውሮፕላኑ ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ነው።

ይህን ያህል ካማረ ለምን ተዘጋ?

ለ707 ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ስለነበር ነው። በተከፈተ በስምንተኛው ዓመት 747 መጣ፤ ከ350 ሰው በላይ ይዞ። ያ ሁሉ ሰው ከነሻንጣው ወደዚያች ውብ አዳራሽ ሲጎርፍ አስቡት። ኋላ ደግሞ የአውሮፕላን ጠለፋ በዝቶ የፍተሻ ማሽን መግባት ነበረበት፤ ሳሪነን ሲነድፍ ተሰናባቹም ተጓዡም እንደልቡ የሚገባበት ቦታ ነበር ያሰበው። ጠማማ ግድግዳ ደግሞ እንደ ሳጥን ሕንጻ በቀላሉ አይሰፋም። አንዱን ጎን ብትነካ ሌላው ይከተላል።

ሕንጻው በ1994 በከተማው ቅርስነት ስለተመዘገበ ማፍረስ አልተቻለም። አየር መንገዱ ራሱ ከስሮ በ2001 በአሜሪካን ኤርላይንስ ተገዛ፤ ተርሚናሉም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከጀርባው በ2008 ጄትብሉ የሚባለው አየር መንገድ አዲስ ተርሚናል ሠራ። አሮጌው ግን ዓመታት ባዶውን ቆሞ፣ ሜይ 2019 ላይ 512 ክፍሎች ያሉት ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። መኝታ ክፍሎቹ ግራና ቀኝ በተጨመሩ አዳዲስ ሕንጻዎች ውስጥ ናቸው፤ ማኮብኮቢያው አጠገቡ ስለሆነ ድምፁን ለመከላከል መስኮታቸው ሰባት ንብርብር መስታወት ነው። አሮጌው አዳራሽ የእንግዳ መቀበያ ሆኗል። በግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ ባለ ፕሮፔለር ሎክሂድ ኮንስቴሌሽን ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ መጠጥ ይሸጣል።

የዳለስ ጣሪያ በምን ተይዞ ነው የተንጠለጠለው?

በገመድ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ሳሪነን ራሱ የገለጸው በኮንክሪት ዛፎች መካከል እንደተዘረጋ ትልቅ የመኝታ መረብ አድርጎ ነው።

ሁለት ዛፍ መካከል ገመድ አስራችሁ ብርድ ልብስ ብትሰቅሉ ዛፎቹ ወደ ውስጥ ይጎተታሉ። ዳለስ ላይ ምሰሶዎቹ ወደ ውጭ ያዘነበሉት ለዚህ ነው። ጣሪያው ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፣ እነሱ ወደ ኋላ ተንጋለው ይስቡታል፤ እንደ ገመድ ጉተታ ጨዋታ፣ ግን አሸናፊ የሌለው። በምሰሶዎቹ አናት መካከል የብረት ገመድ ተወጥሯል፣ በላዩ የኮንክሪት ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። የፊት ለፊቶቹ ምሰሶዎች 20 ሜትር ገደማ፣ የኋለኞቹ 12 ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ ጣሪያው ከመንገዱ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ረገብ ብሎ እንደገና ወደ ማኮብኮቢያው ይነሣል። ወደ ምሰሶዎቹ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ጣሪያው ላያቸው ላይ አልተቀመጠም። የጣሪያውን ጠርዝ ሰንጥቀው ወጥተው ከላይ እንደ መንጠቆ ይዘውታል።

በዚህ ዘዴ ምክንያት አዳራሹ ውስጥ ጣሪያ የሚደግፍ አንድም ምሰሶ የለም። ኖቬምበር 17 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መርቀው ሲከፍቱት፣ ከመጀመሪያው ለጄት ተብሎ የታቀደ የአሜሪካ የመጀመሪያው ኤርፖርት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ከከተማ ይርቃል ተብሎ ሰው አጣ፤ ዙሪያውን የነበረው የቨርጂኒያ እርሻ ነው። ዛሬ ያንን መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት የሚነዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ያቺ ትልቅ፣ ከፍ ያለች አውቶቡስ የመሰለች ነገር ምንድን ናት?

የዳለስ ልዩ ነገር እሷ ናት። ከአገር ቤት ስትመጡ ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ቆማችሁ ወደ ፓስፖርት ፍተሻ ተጉዛችሁባት ይሆናል። እናቴ መጀመሪያ የመጣች ቀን «ቤቱ ይሄዳል እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም።

ሳሪነን ቡድኑን ሰዓት መቁጠሪያ አስይዞ በየኤርፖርቱ ላከ፤ መንገደኛ ምን ያህል እንደሚራመድ፣ የት እንደሚጠብቅ አስለካ። ያገኘው ነገር ዛሬም የሚያናድደን ነው፦ አውሮፕላኖቹ በዙ፣ ኮሪደሩ ረዘመ፣ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ ኪሎ ሜትር መሄድ ጀመረ። የእሱ መልስ ኮሪደሩን መሰረዝ ሆነ። ሰው ወደ አውሮፕላኑ ከሚሄድ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ራሱ ጎማ አውጥቶ ይሂድ አለ። ከመግቢያው በር ጥቂት እርምጃ ተራምደህ ክፍሏ ውስጥ ትቀመጣለህ፤ ሲሞላ በሩ ይዘጋና ክፍሏ አውሮፕላኑ ወደቆመበት ትነዳለች። ሐሳቡን ለባለሥልጣናቱ ለማስረዳት ባልና ሚስቱ ዲዛይነሮች ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1958 አጭር የካርቱን ፊልም ሠሩለት። መኪናዋ ከ16 ሜትር በላይ ትረዝማለች፣ ወደ 5 ሜትር ትሰፋለች፣ 102 ሰው ትይዛለች።

ችግሩ ቁጥር ነው። ቀን ላይ ጥቂት በረራ ሲኖር ግሩም ነች። በረራው ሲበዛ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን መኪናና ሹፌር ማቅረብ አልተቻለም። ቆይቶ ሜዳው መሃል መሳፈሪያ ሕንጻዎች ተሠሩ፣ መኪኖቹም በሕንጻ መካከል አመላላሽ ሆነው ቀሩ። በ2010 ደግሞ የኤርፖርቱ የራሱ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ሲጀምር አብዛኛውን ሥራቸውን ወሰደው። ሳሪነን ያስቀረው እግር ጉዞ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ መጣ።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?

ሰው ሁሉ የኒውዮርኩን ይላል። እኔ ዳለስን። ምክንያቴ አንድ ነው፦ የኒውዮርኩ ሲያረጅ ሆቴል መሆን ነበረበት፣ ዳለስ ግን ዛሬም ኤርፖርት ነው። ሳሪነን ያኛውን እንደ ሐውልት ሠራው፣ አይነኬ። ይህኛውን እንደ ግብር ድንኳን፣ ዘመድ ሲበዛ ካስማ ጨምረህ የምታስረዝመው። በ1962 ርዝመቱ 183 ሜትር ገደማ ነበር፤ በ1996 በዚያው ምሰሶ፣ በዚያው ጉብጠት ግራና ቀኝ ተቀጥሎ 378 ሜትር ደረሰ፣ ይኸውም ከመጀመሪያውኑ ታስቦ የነበረ ነው። ዛሬ ቆማችሁ የትኛው አሮጌው፣ የትኛው አዲሱ እንደሆነ ለዩ ብትባሉ ትቸገራላችሁ። አዳራሹ ውስጥ የፍተሻ ሰልፍ፣ ባንኮኒና ምልክት ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፣ ጣሪያው ምንም አልመሰለውም።

ሌሎችስ? እነዚህ ሁለት ብቻ ናቸው?

አይደሉም። ሴንት ሉዊስ ውስጥ አርክቴክት ሚኖሩ ያማሳኪ የነደፈው፣ በ1956 የተከፈተው ባለ ቅስት አዳራሽ ከሁሉም ቀድሟል፤ ብዙ ሰው ግን ይረሳዋል። ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት መሃል በ1961 የተሠራው ባለ አራት እግር ሸረሪት መሳይ ሕንጻ አለ፣ 41 ሜትር ገደማ ቁመት፤ እሱ እንኳ ተርሚናል ሳይሆን ሬስቶራንት ነበር፣ ከጥቅሙ ይልቅ መልኩ ይበዛል። የፓሪሱ ኦርሊ ደቡብም በዚያው ዓመት ነው የተከፈተው፤ ሰዉ እሁድ እሁድ አውሮፕላን ሊያይ ብቻ ይሄድ ነበር።

የሚቆጨኝ የፓን አሙ ነው። በ1960 ኒውዮርክ ላይ የተከፈተ፣ ጣሪያው እንደ ትልቅ ጃንጥላ በዙሪያው ተዘርግቶ አውሮፕላኖቹ አፍንጫቸውን ከሥሩ የሚከቱበት። መንገደኛው ዝናብ ሳይነካው ይሳፈር ነበር። ማፍረሱ በ2013 ተጀምሮ ቦታው የአውሮፕላን ማቆሚያ ሆነ። የጎረቤቱን ያህል ስላላማረ ተከራካሪ አነሰው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ ያውም ሰዎች ከሚገምቱት በላይ። ያ ነጭ ወፍ መሳይ ሕንጻ ባለቤት የነበረው ቲ.ደብሊው.ኤ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም አጋር የነበረው ድርጅት ራሱ ነው። ስምምነቱ የተፈረመው በ1945 ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራሪውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ መካኒኩም ከቲ.ደብሊው.ኤ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ ተኳቸው።

የጄቱ ነገርም ይገጣጠማል። ኒውዮርክ ተርሚናሉ በተከፈተበት፣ ዳለስ በተመረቀበት በዚያው በ1962፣ ዲሴምበር ላይ አየር መንገዳችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቦይንግ 720ዎች ተረከበ። ጃንዋሪ 1963 ላይ አንዱ ወደ ናይሮቢ በረረ።

አውሮፕላን መሳይ ሕንጻ በቅርብ ለማየት ለሚሻ ደግሞ አሥመራ ውስጥ ፊያት ታሊዬሮ አለ። ጁዜፔ ፔታዚ በ1938 የሠራው ነዳጅ ማደያ ነው፤ ግራና ቀኝ ያለ ምንም ምሰሶ የተዘረጉ ሁለት የኮንክሪት ክንፎች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል። ከጄት ዘመን በሃያ ዓመት ይቀድማል፣ የተሠራውም በቅኝ ገዥ እጅ ነው፤ ዘመዱ ግን ከኒውዮርኩ ብዙ አይርቅም።

ለማየት ምን ላድርግ? ክፍል መከራየት አለብኝ?

የኒውዮርኩን ለማየት ማደር አያስፈልግም፣ አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው። የኤርፖርቱን ባቡር ይዛችሁ ተርሚናል 5 ውረዱ፤ ከዚያ በቱቦው በኩል ግቡ እንጂ በመኪና በሩ አትግቡ፤ ቱቦውን ጨርሶ ወደ አዳራሹ ብቅ ማለት ሌላ ነው። በረራችሁ መካከል ሦስት አራት ሰዓት ካላችሁ ይበቃል። ቡናው ውድ ነው፣ አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ ማየት ግን ነጻ ነው።

ዳለስ ላይ ደግሞ ዘመድ ስትቀበሉ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ሂዱ። መኪናውን አቁሙና ከማቆሚያው በኩል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሕንጻውን ከነሙሉ ርዝመቱ እዩት። ከዚያ ወደ መነሻው ፎቅ ውጡ፤ ከአንዱ ምሰሶ ሥር ቆማችሁ መዳፋችሁን ኮንክሪቱ ላይ አሳርፉና ቀና በሉ። በዚህ መካከል «ወጥተናል፣ የት ናችሁ?» የሚል ስልክ ይደወልላችኋል።